የቀያችሁን ሰው በስም ቁጠሩ፦ የአንድ ጎጥ ታሪክና የሕዝብ ቁጥር እንዴት ይጻፋል

እናቴ የተወለደችው መንዝ ጌራ ውስጥ ነው፤ ከመሐል ሜዳ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ትንሽ ጎጥ። ቤቱ በድንጋይ የተካበ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ለተዝካሯ አገር ቤት ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ጠላቸውን እየጠጡ፣ «ልጄ፣ የዚህን አገር ነገር የሚያውቁት አንድ በአንድ እየሄዱ ነው። አንቺ ፊደል ቆጥረሻል፤ ለምን አትጽፊውም?» አሉኝ።

እሺ አልኩ። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ታሪክ አልተማርኩም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የዓመት ፈቃዴን እዚያ አሳልፌ አራት ደብተር ሞላሁ። እናንተም የእናት ወይም የአባት አገር ካላችሁ ትችላላችሁ። ዘንድሮ ብትጀምሩ ደግሞ ከከርሞ ይሻላል፤ የሚያስታውሱት ሰዎች አይጠብቁንም።

መጀመሪያ የሳትኩትን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ስነሳ በገዥ መስመር ያሰመርኩት ሠንጠረዥ ይዤ ነበር። አባወራ፣ ወንድ፣ ሴት፣ ዕድሜ። መጀመሪያ የገባሁት አንዲት የሰማንያ ዓመት ገደማ እናት ቤት ነው። ሰላምታው እንዳለቀ፣ «እማማ፣ ስንት ልጅ ወልደዋል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ልጅ እንደ ከብት ይቆጠራል እንዴ?» አሉኝ። ከዚያም ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በማስቆጠሩ አገሩ ላይ የወረደውን መቅሠፍት ነገሩኝ። መጽሐፈ ሳሙኤል ላይ ያለውን፣ ከቄስ የሰሙትን። አፈርኩ። ደብተሬን ዘጋሁ። ቡናው እስኪፈላ ስለ እናቴ ልጅነት አወራን። በረካው ላይ ስንደርስ፣ «የበኩር ልጅዎ ስሙ ማነው?» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። እስኪመሽ ድረስ ነገሩኝ። የዘጠኝ ልጆች ስም ጻፍኩ። አራቱ አፈር ገብተዋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ስንት» የሚለውን ቃል ማንም ቤት አላነሳሁም። ስም ብቻ እጠይቃለሁ። ማታ መኝታዬ ላይ ሆኜ እኔው እቆጥራለሁ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ።

ሠንጠረዡንም ጣልኩት። ለአንድ ቤት አንድ ገጽ ሰጠሁ። ከላይ የባልና የሚስት ስም፣ የክርስትና ስማቸው፣ ሚስት ከየት ጎጥ እንደመጣች። ከሥር ልጆቹ በአወላለድ ተራ፤ ያለውም የሞተውም፣ ቤት ያለውም የሄደውም። የክርስትና ስም ለምን ካላችሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሟችን የሚያስታውሱት በእሱ ነው። በኋላ ከካህናቱ ጋር ስታመሳክሩ «ወልደ ሚካኤል» የሚለው ሰው ማን እንደሆነ ትጨነቃላችሁ። ደግሞ ወንዶቹን ብቻ እንዳትጠይቁ። ወንዶች ዘር ይቆጥሩላችኋል፣ ጦርነቱን ይነግሯችኋል። በሕፃንነቱ የሞተውን ልጅ የሚያስታውሱት ግን እናቶች ናቸው። ጓዳ ግቡ።

አሁን ወደ ቆጠራው። ከመጀመራችሁ በፊት የምትቆጥሩት ምን እንደሆነ ወስኑ። ጎጡን ነው? ቀበሌውን? ወይስ ደብሩን? ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ አንዱ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር ገደማ እንዲይዝ ነበር ሕጉ የሚለው። ስለዚህ ብዙ ትንንሽ ጎጦች በአንድ ስም ሥር ገቡ። ከዚያ ወዲህም ቀበሌዎች ሲጣመሩና ሲከፈሉ ኖረዋል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት በዚህ ስም የተጻፈ ቁጥር ዛሬ በዚሁ ስም ከሚጠራው ቀበሌ ጋር ላይገጥም ይችላል። እኔ በመጨረሻ የያዝኩት ደብሩን ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚቀበር ሰው ሁሉ የእኔ ገጽ አለው። የመቃብር ድንበር እንደ ቀበሌ ድንበር ቶሎ ቶሎ አይቀየርም።

ቤት ማለት ምን እንደሆነም ወስኑ። ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሁለት የተለያየ ቁጥር አገኘሁ፤ ልዩነቱ ዘጠኝ ቤት ነበር። ነገሩ ሲጣራ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሚስት አግብተው ጎጆ የወጡ ልጆች አሉ። አንድ ጊዜ ከአባታቸው ጋር፣ አንድ ጊዜ ለብቻቸው ቆጥሬያቸዋለሁ። መፍትሔው ከአንድ ድስት የሚበላውን አንድ ቤት ማለት ነው። ጎጆው ቢለይም ማዕዱ አንድ ከሆነ አንድ ገጽ። ማዕዱ ከተለየ ግቢው አንድ ቢሆንም ሁለት ገጽ።

ሰዎች ለምን እንደመጣችሁ ይጠራጠራሉ። እውነት አላቸው። ገበሬ ቤት ስም የሚጽፍ ሰው ሲመጣ ግብር ነው፣ ወይ መሬት ነው፣ ወይ እርዳታ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ድልድል በቤተሰብ ብዛት የተጠቀመም የተጎዳም አለ። ያ ትዝታ አልሞተም። ስለዚህ መጀመሪያ ከቀበሌው ፈቃድ ጠይቁ፤ ሊቀመንበሩ ሳያውቅ አንድ ቤት እንዳትገቡ። ቀጥሎ የሚታመን የአገር ሰው ይዛችሁ ዙሩ። እኔ አጎቴን ይዤ ነው የዞርኩት። በየቤቱ ደፍ ላይ «ይቺ የእገሌ ልጅ ናት፤ የምትጽፈው የእኛኑ ዘር ነው» ሲል በሩ ይከፈታል። የመሬት ስፋትና የከብት ብዛት ደግሞ አትጠይቁ። ሰው ወድዶ ከነገራችሁም አትጻፉት።

ዕድሜ ትልቁ ፈተና ነው። «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብትሉ መልሱ ስልሳ ወይም ሰባ ነው፤ በጣም ከተጠነቀቁ ስልሳ አምስት። በአገር አቀፍ ቆጠራውም ቢሆን በዜሮና በአምስት የሚያልቅ ዕድሜ ከሌላው በልጦ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ዕድሜ አትጠይቁ፤ ነገር ጠይቁ። እኔ ደብተሬ ሽፋን ላይ የዘመን መቁጠሪያ ጽፌ ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ክፉ ቀን፣ ከብቱ ያለቀበት። 1888 ዓድዋ። ጥቅምት 1909 መጀመሪያ ቶራ መስክ ራስ ልዑል ሰገድ የወደቁበት ውጊያ፣ ቀጥሎ የሰገሌ ጦርነት። ኅዳር 1911 የኅዳር በሽታ። መጋቢት 1928 ማይጨው። ከዚያ ራስ አበበ አረጋይ አርበኞቻቸውን ይዘው በመንዝ የተዘዋወሩበት ጊዜ። 1933 የጣሊያን መውጣት። ታኅሣሥ 1953 የእነ መንግሥቱ ንዋይ ግርግር። 1966 አብዮት፣ የካቲት 1967 የመሬት አዋጅ፣ 1971 መሠረተ ትምህርት፣ 1977 ድርቅ፣ 1983 የመንግሥት ለውጥ።

ከዚያ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል። «ጣሊያን ሲወጣ እረኛ ነበሩ ወይስ ታዝለው ነበር?» «መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የትኛውን ልጅ ታጠቢ ነበር?» ለአንዷ እናት የ1971ዱ መሠረተ ትምህርት ቁልፍ ሆነ። ፊደል የቆጠሩት ሕፃን አዝለው ነበር። ሕፃኑ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ የሌሎቹ ልጆች ዕድሜ ከእሱ ወደላይና ወደታች ተቆጠረ። በልጆች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ዓመት እያላችሁ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ ይገጥማል።

እዚህ ላይ የአባቶቻችን ብልሃት አለ። ሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረቱን ባያውቁም ወንጌላዊውን ያውቃሉ። «በዘመነ ሉቃስ ነው የተዳርኩት» ይሏችኋል። ይህ ወርቅ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ። 1967 ለአራት ሲካፈል 3 ይቀራል፤ ሉቃስ ነው። 2016 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ዮሐንስ ነበር። አንድ አባት «ከጣሊያን መውጣት በኋላ፣ በመጀመሪያው ዘመነ ዮሐንስ» ቢሏችሁ 1936 ማለታቸው ነው። በዚህ መንገድ ከአሥር ዓመት ግምት ወደ አንድ ዓመት ወረድኩ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ስታገኙት እናንተም ደስ ይላችኋል።

ወደ ኋላ ዘመን ስትሄዱ ዘር ቆጠራው ይመጣል። በመንዝ ርስት የሚገኘው ከአቅኚ አባት በመወለድ ነበር፤ በአባትም በእናትም በኩል። አገሩ ራሱ ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ ተብሎ ነው የሚከፈለው። ጓሳ የሚባለው የጋራ የሣር መሬት ነገርም ከዚሁ ይነሳል። ጌራና አስቦ ከሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች የተወለዱ ሰዎች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን በጋራ ይጠብቁት ነበር። አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቆያል፤ ማንም አያጭድም፣ ከብትም አይገባም። ሲከፈት ሁሉም በድርሻው ያጭዳል። ይህ ሁሉ የዘር ቆጠራ ሥራ ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ሣሩ አይደርሰውም። ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967ቱ አዋጅ ጋር ነው። የእናቴን ቤት የከደነው ሣር ከዚያው ከጓሳ የታጨደ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ሰባትና ስምንት ትውልድ ቢቆጥሩላችሁ አትደነቁ። አንደኛ ለርስት ነው። ሁለተኛ ለጋብቻ ነው፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይጋቡም ነበር። ግን ጠንቀቅ በሉ። ይህ ዘር ለሙግት ያገለገለ ዘር ነው። አንዱ አባት የዘለሉትን ስም ሌላው ያነሱታል፤ ምክንያቱም በዚያ ስም በኩል መሬት ይመጣ ነበር። ሁለቱ ሲጣሉ ፈራጅ አትሁኑ። ሁለቱንም ጻፉ፣ ማን እንደነገራችሁም ጻፉ። ደግሞ ከሰባቱ ትውልድ ላይ ዓመት እየደመራችሁ «ጎጡ የተመሠረተው በዚህ ዓመት ነው» እንዳትሉ። መካከል ላይ የተረሳ አባት አለ፤ የታወቀውን አባት ይዞ ያልታወቀውን መዝለል የተለመደ ነው።

በዚህ ዘር ቆጠራ ውስጥ የማይገኙ ቤቶች አሉ። ይህንን በደንብ ስሙኝ። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው። በእኛ አገር ጠይብ እየተባሉ ብዙ ግፍ የደረሰባቸው ሰዎች ናቸው። ርስት ስለሌላቸው አቅኚ አባት አይቆጠርላቸውም። ሽማግሌዎች የጎጡን ቤቶች ሲዘረዝሩልኝ ሁለቱን ቤት አልጠቀሷቸውም። «እነሱም አሉ እንዴ?» ስል፣ «አዎ፣ ግን እነሱ…» ብለው ዝም አሉ። የጎጡ ማረሻ ሁሉ የተቀጠቀጠው፣ ጋኑ ሁሉ የተሠራው እዚያ ቤት ነው። ሄጄ ቡና ጠጣሁ። የእነሱም ዘር እስከ አያት አያት ድረስ አለ፤ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም እንጂ። ስድቡን አልጻፍኩም። ስማቸውንና ሙያቸውን ጻፍኩ። እናንተም ሁልጊዜ «ስሙ ያልተጠራ ቤት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከቃል ወደ ጽሑፍ እንሂድ። ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ ነው። የአንዳንድ አድባራት ወንጌል ኅዳጉ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የአለቆች ስም ይገኝበታል። ቄሰ ገበዙንና ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዱ፤ ካህኑ እራሳቸው ያንብቡላችሁ፤ ካልተፈቀደ ፎቶ አታንሱ። ከዚያ እድሩ አለ፤ ወሎዬ ቅሬ የሚለው። የእድር መዝገብ የሞተውን ሰውና ቀኑን ይዞ ሊገኝ ይችላል። ቀበሌው የግብር መዝገብ አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋ የየቤቱ የቤተሰብ ማኅደር አለ፤ እሷ የሰው ምስጢር ስለያዘች ማኅደሩን ክፈቺልኝ አትበሏት፤ የዘለላችሁት ቤት እንዳለ ብቻ ጠይቋት። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ ከዚያ በፊት ላለው ብዙ አይረዳችሁም።

አገር አቀፍ ቆጠራ ሦስት ጊዜ ተደርጓል። በ1976፣ በ1987ና በ1999። አራተኛው ተደጋግሞ ተራዘመ። በ1987 የአገሪቱ ሕዝብ 53.5 ሚሊዮን ገደማ፣ በ1999 ደግሞ 73.9 ሚሊዮን ነበር። በዓመት 2.6 በመቶ ጭማሪ መሆኑ ነው። የወረዳችሁን ቁጥር ከታተሙት ጥራዞች ታገኛላችሁ። የአገሪቱን 2.6 በመቶ ወስዳችሁ የጎጣችሁን ሰው ግን በእሱ አታባዙ። ትንሽ ጎጥ እንደ አገር አያድግም። አንድ ክፉ ዓመት ግማሹን ይወስዳል፤ አንድ መንገድ ሲከፈት ወጣቱ ይሄዳል። የ1999 ውጤት ሲወጣ የአማራ ክልል ቁጥር ከትንበያው በ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ ፓርላማ ውስጥ ሳይቀር ጥያቄ ተነስቷል። ሚሊዮን ሰው ሲያከራክር፣ ስም ያለበት ደብተር ግን አያከራክርም። ለዚህ ነው ስም ስም የምለው።

የሄዱት ሰዎች ሌላ ደብተር ይፈልጋሉ። በእኔ አራት ደብተሮች ውስጥ በጣም የከበደኝ ይሄኛው ነው። በ1977ና በ1978 ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ 600 ሺህ ገደማ ሰው በሰፈራ ተወስዷል። ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላ፣ መተከል። ከእኛም ጎጥ የሄዱ አሉ። የተመለሱ አሉ፤ ቤታቸው ፈርሶ፣ መሬታቸው ተይዞ ያገኙ። ወሬያቸው የጠፋም አሉ። ከእነሱ በኋላ አዲስ አበባ የገቡት፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የተቀጠሩት፣ ቤሩትና ጅዳ የሄዱት ሴቶች ልጆች ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ ስም፣ የሄደበት ዘመን፣ የሄደበት አገር፣ መጨረሻ ወሬው የተሰማበት ጊዜ። በስልክ ያገኘኋቸው ከማንም በላይ ያስታውሳሉ። አንድ ሰው ከወለጋ በስልክ የምንጩን መንገድ ድንጋይ በድንጋይ ነገረኝ። በማግሥቱ ሄጄ አየሁት። ልክ ነበር።

ስለ ድምፅ መቅጃና ስለ ስልክ ብዙ አልልም። አስፈቅዳችሁ ቅዱ፣ በዚያው ቀን ማታ ገልብጡ፣ ትርፍ ባትሪ ያዙ። የመንዝ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፤ ባና ውስጥ ጠቅልላችሁ እደሩ። ወቅቱንም ምረጡ። እርሻና አጨዳ ላይ የሚያወራችሁ ሰው የለም። ከጥር እስከ የካቲት መጀመሪያ፣ ገብሱ ከተወቃ በኋላ፣ በልግ ሳይዘራ፣ ሰው ጊዜ አለው። ሠርጉም ያኔ ነው፤ በአንድ ሠርግ ላይ የሃያ ቤት ዘመድ ታገኛላችሁ።

ቁጥሩን ስታወጡ በዕድሜ በአሥር በአሥር ዓመት ክፈሉት። በአምስት ከከፈላችሁት ያ «ስልሳ»፣ «ሰባ» የሚለው ግምት ያሳስታችኋል። ለብቻ ለብቻ አስቀምጡ፦ ዛሬ ቤት ያለ፣ የሄደ ግን የሚታወቅ፣ የሄደና የጠፋ፣ የሞተ። አንድ ላይ ደምራችሁ አንድ ቁጥር ብቻ አትጻፉ።

ሲያልቅ ከማሳተማችሁ በፊት አንብቡላቸው። እኔ በሰንበቴ ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ጽዱ ሥር ተቀምጠን ገጽ በገጽ አነበብኩ። ሁለት ሰንበት ፈጀ። «እሱ የእሷ ታናሽ ነው»፣ «በዘመነ ማርቆስ እንጂ»፣ «ያ ልጅ ጋምቤላ አይደለም፣ መተከል ነው» እየተባለ ተሰረዘ፣ ተደለዘ። ይጻፍብኝ ያላለውን ሰው ነገር አወጣሁ። ሦስት ቅጂ ተባዝቶ አንዱ ለሰበካ ጉባኤው፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ለአጎቴ ተሰጠ። በየቤቱ ገጽ ሥር ባዶ ቦታ ተትቷል፤ ገና የሚወለድ አለ።

የመጀመሪያዋ እማማ በሁለተኛው ሰንበት መጥተው ነበር፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው። ገጻቸው ሲደርስ የልጆቻቸውን ስም በተራ አነበብኩ። ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዘጠኝ አይደሉም» አሉኝ። «አሥር ናቸው።»

ከአራተኛው በኋላ የተወለደ ነበር። አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሳ የሞተ። ስም አልወጣለትም። በመስመሮቹ መካከል በትንሽ ጽሕፈት «ወንድ ልጅ፣ በ1961 ገደማ» ብዬ ጨመርኩና መልሼ አነበብኩላቸው።